እትዬ ፈንታዬ እና ለጋሿ መኪና

እትዬ ፈንታዬ መመንኮሳቸውን የነገረኝ ከጋሸና ገብስ ጭኖ የመጣ ሹፌር ነው። ጎማ ሊያስጠግን ላሊበላ መግቢያ ላይ ወዳለው ጋራዤ ጎራ ብሎ፣ ገና ከጋቢናው ሳይወርድ፣ «እነዚያ ካምፕ ዕቃ ቤት የነበሩት ሴትዮ ቆብ ደፉ አሉ፤ ሰምተሃል ሲሳይ?» አለኝ።

አልሰማሁም ነበር።

«የት?» አልኩት።

«ከይምርሐነ ክርስቶስ ወዲያ፣ ከጥዱ ጫካ ማዶ፣ አንዲት የሴቶች ገዳም አለች አሉ። እዚያ ነው የገቡት።»

ሹፌሩ ጎማውን አስጠግኖ ሄደ። እኔ ግን ያን ቀን ሥራ አልሆንልህ አለኝ። ሰው ሲመነኩስ አይለቀስም፤ እኔም አላለቀስኩም። ግን በርጩማ ላይ ተቀምጬ ብዙ አሰብኩ። እንደ እሳቸው ሥራ ያስተማረኝ ሰው የለም። መካኒክ አልነበሩም፤ መኪና መንዳትም አያውቁም።

መጀመሪያ ያወቅኳቸው ጋሸና አጠገብ በነበረ አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ነው። እኔ አዲስ የተቀጠርኩ መካኒክ ነበርኩ፤ እሳቸው የመሣሪያ ዕቃ ቤት ኃላፊ። ዕቃ ቤቱ አንዲት ትንሽ መስኮት ያለችው የቆርቆሮ ክፍል ነው። የጋሸናን ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጭጋጉ ሜዳው ላይ ተኝቶ፣ ብረት የነካ እጅ ከብረቱ አልላቀቅ ይላል። እትዬ ፈንታዬ ግን ከሁላችንም ቀድመው መስኮቷን ከፍተው ይጠብቁናል። ቀጭን ናቸው፤ ከነጠላቸው ላይ አራት ኪስ ያለው የወንድ ካኪ ካፖርት ይደርባሉ። አንዱ ኪስ የጠመኔ ነው፣ አንዱ የደብተር፣ አንዱ የመነጽር። አራተኛው የተቆላ ባቄላ አያጣም።

«መዶሻ ይስጡኝ» ስትላቸው መዶሻ አይሰጡህም። ከመነጽራቸው በላይ አየት አድርገው፣ «ምን ልትፈታ ነው?» ይሉሃል። መልስህን ሰምተው የጠየቅከውን ሳይሆን የሚያስፈልግህን ያቀብሉሃል። ለዚህ ነው አዲስ ሠራተኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠላቸው።

አንድ ቀን አንድ ቁጡ አለቃ መዶሻ ፈልጎ መጣ። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ጠየቁት።

«አንቺን ምን አገባሽ? ስጪኝ ስልሽ ስጪኝ!» ብሎ ጮኸባቸው።

ሰጡት። ከመዶሻው ጋር ግን ሃያ አራት ቁጥር ቁልፍና የዛገ ብሎን የሚያላላ፣ በጠርሙስ የተቀዳ ናፍጣ ጨመሩለት። ከሰዓት በኋላ ሊመልስ ሲመጣ የናፍጣው ጠርሙስ ባዶ ነበር። መዶሻው ላይ ያለው የጠዋት አቧራ ግን አልተነካም። «አመሰግናለሁ እትዬ» ብሎ አቀርቅሮ ሄደ። ከዚያን ቀን ወዲህ እሱም እንደኛው አንቱ ይላቸው ጀመር።

ካምፑ ሥራውን ጨርሶ ሲዘጋ ለአገልግሎታቸው አንድ የብረት ሣጥን ሙሉ መሣሪያ ሸለሟቸው። እሳቸው ከላሊበላ ዝቅ ብሎ ወዳለው የአባታቸው ቀዬ ገቡ። እኔ ወዲህ ወዲያ ስል ቆይቼ ይህችን ጋራዥ ከፈትኩ። እንግዳ ከከተማችን የጠፋባቸው ዓመታት ስለነበሩ ሥራዬ ሁሉ ጎማና ፍሬን ነበር። ስለዚህ ምስጋናው የሚባል ልጅ አንድ ትልቅ ሥራ ይዞልኝ ሲመጣ ሰማይ የተከፈተልኝ መሰለኝ።

ምስጋናው እንግዶችን በመኪና እያመላለሰ የሚኖር የከተማችን ልጅ ነው። እንግዳው መመለስ ሲጀምር አንድ ነገር አሰበ። ዳገት የማይችሉ ሽማግሌዎችን ይዛ የምትወጣ፣ ጎኗ ክፍት የሆነ፣ ስምንት ሰው የምትጭን መኪና ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለችውን መኪና አዲስ አበባ አንድ ሰው በቁርጥራጭ ይሠራል። ሻንሲው፣ የጎን ቆርቆሮው፣ መቀመጫው፣ ጣራው ሁሉ በየሣጥኑ ሆኖ ከነሥዕሉ ይላካል። ገዥው ራሱ ይገጥመዋል። ሥዕሉ ሥር እንዲህ የሚል ተጽፏል፦ «ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ መሪውን፣ ፍሬኑን፣ አክሰሎቹንና የኤሌክትሪክ ሽቦውን ከአንድ ለጋሽ መኪና አውጥተው ይጠቀሙ።»

ለጋሿ ተገኝታለች። የምስጋናው አባት፣ ጋሽ አያሌው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የነዷት አሮጌ ፒካፕ ናት። ሰውየው ከሞቱ በኋላ ግቢያቸው ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር ቆማ ዶሮ ይጥልባት ነበር። እናቱ ወይዘሮ ጥሩዬ በስንት ልመና ፈቀዱለት። ሲፈቅዱም፣ «ስትቆረጥ ግን እንዳላይ» አሉ።

«ለገና ታደርስልኛለህ?» አለኝ ምስጋናው። ጊዜው የጥቅምት መጨረሻ ነበር።

«ምን ችግር አለው! መፍታቱ የሦስት ቀን ሥራ ነው» አልኩት።

መኪናዋን ጎትተን አመጣናት። የጎደለኝ የኋላ አክሰሉን የምፈታበት ሠላሳ ሁለት ቁጥር ቁልፍ ብቻ መሰለኝ። እትዬ ፈንታዬ ሣጥን ውስጥ እንደማይጠፋ አውቅ ነበርና ቤታቸው ወረድኩ። ደጃፋቸው ላይ ጎመን ሲቀነጥሱ አገኘኋቸው። ከተሳሳምን በኋላ ቁልፉን ጠየቅኳቸው።

«ምን ልትፈታ ነው?»

ሳቄ መጣ። ነገርኳቸው።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም እትዬ። መኪናዋን አውልቀን ሌላ መኪና ልንገጥም ነው።»

ጎመኑን መቀንጠስ አቆሙ። «በምን በምን ነው የምትፈታት?»

ያለኝን ቆጠርኩላቸው፤ ቁልፎች፣ መዶሻ፣ ብረት መቁረጫው ግራይንደር። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ቁልፉን ግን አልሰጡኝም። በማግሥቱ ጠዋት ጋራዤን ስከፍት በአህያ ሣጥናቸውን አስጭነው፣ ካኪ ካፖርታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው ነበር።

«በነዚህ መኪና ይታረዳል እንጂ አይፈታም» አሉ መሣሪያዬን አይተው። ደብተራቸውን አወጡ። ያን ቀን አንድም ብሎን አልፈታንም፤ የሚያስፈልገንን ስንሰበስብ ዋልን። ቁልፉ ከስምንት እስከ ሠላሳ ሁለት ቁጥር፣ ያውም ሁለት ሁለት፤ አንዱ ብሎኑን ሲይዝ ሌላው ዳዶውን ያዞራል አሉ። ቀጥሎ ብሎኑ ላይ እንደ ቆብ የሚደፋ ቡሶላ ከነረጅም እጀታው። ካቻቢቴ፣ ጫፉ ጠፍጣፋም መስቀልም የሆነ። የሽቦ ብሩሽ። ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በሲባጎ ታስሮ፣ የወደቀ ብሎን ማውጫ። ከሞተር ጀርባ ማያ ትንሽ መስታወት። ዘይቱን፣ ውኃውንና ነዳጁን ለየብቻ የምንቀዳባቸው ጀሪካኖች፣ አጠገባቸውም እሳት ቢነሳ አንድ ባልዲ አሸዋ። የእንቁላል ካርቶን፣ ብሎን በየጎድጓዳው ለማስቀመጥ።

«ክሪክ አለኝ፤ ካቫሌቶ ግን የለኝም» አልኳቸው። ካቫሌቶ ክሪኩ ያነሳውን መኪና ተሸክሞ የሚቆም የብረት እግር ነው።

«ከሌለህ ሥሯ አትገባም» አሉ። ብየዳ ቤት ሄደን አራት አሠራን። ሲያልቁ እያንዳንዱ ላይ ራሳቸው ቆሙበት፤ ዘለል ዘለል ብለውም ሞከሩት። የብየዳ ቤቱ ልጅ አፉን ይዞ አያቸው።

ከመሣሪያው ሁሉ የገረመኝ ግን ፊደሉ ነው። አባታቸው ፊደል አስቆጣሪ የኔታ ነበሩ፤ እትዬ ፈንታዬ ለተማሪዎቹ ውኃ እያመላለሱ ከውጭ ሆነው ሰምተው ነው ፊደል የለዩት። ስለዚህ ለመኪናዋ የፊደል ገበታ አወጡላት። ሞተሩ የ«ሀ» ቤት፣ ካምቢዮው የ«ለ» ቤት፣ የፊት እግሮቹ የ«ሐ» ቤት፣ መሪው የ«መ» ቤት። የመጀመሪያው ብሎን «ሀ»፣ ሁለተኛው «ሁ»፣ ሦስተኛው «ሂ»፤ ሰባቱ ሲያልቁ ከጎኑ ቁጥር እየጨመሩ እንደገና ከ«ሀ» ይጀምራሉ። ከዘይት ቆርቆሮ በተቆረጠች ሉክ ላይ ይጽፉና በሲባጎ ያስሩታል። በደብተራቸውም ከየት እንደወጣ ያሰፍራሉ። እኔ ፊደሉን ብለየውም ተራውን ረስቼው ነበር፤ ሞተር ሥር ተጋድሜ «ሀ ሁ ሂ ሃ» ስል የሚያልፍ ሁሉ ይስቅብኝ ነበር።

መጀመሪያ ያደረግነው ብሎኖቹን ሁሉ በብሩሽ መጥረግና ናፍጣ ማጠጣት ነው። ሦስት ቀን፣ ጠዋትና ማታ፣ በዶሮ ላባ። እኔ መፍታቱን እጨርሳለሁ ባልኩበት ቀን ገና እያጠጣን ነበር። ምስጋናው መጥቶ ኮፈኗ እንኳ እንዳልተነሳ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«እትዬ፣ ለገና እኮ ነው!»

«እሷ ለጋሽ ተብላለች» አሉ እትዬ ፈንታዬ ወረቀቱን እያሳዩት፣ «ለጋሽ ሰው ቤት ስትሄድ በር ሰብረህ ትገባለህ?»

ምስጋናው ሳይወድ ሳቀ።

በአራተኛው ቀን መፍታት ጀመርን። ብሎኖቹ የጠጡትን ያህል ተገዙልን። እኔ ቁልፍ ስል ከመጠየቄ በፊት መዳፌ ላይ ይገኛል፤ አንድም ቀን ቁጥር ተሳስተው አያውቁም። ኮፈኑ፣ በሮቹ፣ ራዲያተሩ፣ ተራ በተራ እየወጡ የግቢውን አጥር ይዘው ተሰለፉ። ሥራው እንዲህ ይጣፍጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ጥፋት አጠፋሁ።

ወሩ ሃያ አንድ ሲሆን እትዬ ፈንታዬ ማርያምን ሊሳለሙ ከከተማው በላይ ወዳለው አሸተን ተራራ ይወጣሉ፤ ዳገቱ ቀኑን ሙሉ ይወስድባቸዋል። እሳቸው በሌሉበት ምስጋናው መጣና ሞባይሉ ላይ ቀኑን አይቶ ተነፈሰ። እኔን አስጨነቀኝ። ክሩሽኮቱን፣ ማለት የመሪው ፊት ለፊት ያለውን የመብራትና የቆጣሪ ሰሌዳ፣ ማውጣት ነበረብኝ። ከበስተጀርባው እንደ ገመድ የተጠቀለለ የሽቦ ጥቅል አለ። የእያንዳንዱ ሽቦ ማላቀቂያ ከውስጥ ተደብቋል፤ ጣት አይደርስበትም። ሁለት ሰዓት ታገልኩት። መጨረሻ ላይ ፒንሳ አነሳሁና ጥቅሉን ቆረጥኩት። ክሩሽኮቱ ወዲያው ወጣ። ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ።

በማግሥቱ እትዬ ፈንታዬ መጥተው የተቆረጠውን ሲያዩ አልጮኹም።

«ሲሳይ፣ ስንት ናቸው?»

«ምኑ?»

«የቆረጥካቸው።»

አልቆጠርኩም ነበር። ቆጠርናቸው፤ ሠላሳ አራት። ሁሉም ከአቧራውና ከዕድሜው የተነሳ አንድ ዓይነት አመድማ መልክ ይዘዋል። የትኛው ከየትኛው እንደሚገናኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ሞተሩ አዲሱ መኪና ላይ ተገጥሞ ያለ ሽቦ ምን ሊሆን ነው? ቁጭ አልኩ። ምስጋናው ምን እንደሚለኝ፣ ከተማው ምን እንደሚለኝ አሰብኩ፤ ጋራዤን መዝጋት ሁሉ መጣብኝ።

እትዬ ፈንታዬ መሬት ላይ አንሶላ አነጠፉ። ክሩሽኮቱን በአንድ ወገን፣ ጥቅሉን በሌላው ወገን አጋደሙ። ቤንዚን የነካ ጨርቅ ይዘው እያንዳንዷን ሽቦ ይጠርጉ ጀመር። ከአመዱ ሥር ቀይ ወጣ፣ ቢጫ ወጣ፣ ነጭ መስመር ያለው አረንጓዴ ወጣ። ቀለማቸው አንድ የሆኑትን ደግሞ የተቆረጡበትን ጫፍ መነጽራቸው ሥር አስጠግተው እያዩ ያጋጥማሉ። ስለ ኤሌክትሪክ የሚያውቁት ነገር የለም፤ የሚያውቁት ዕቃን ከቦታው መመለስ ነው። እኔ እየተከተልኩ እበይዳለሁ፣ እጠቀልላለሁ። ሁለት ቀን ፈጀብን። መጨረሻ ላይ ባትሪ ብናገናኘው የፍሬቻው መብራት ጭል ጭል አለ።

«በል እንግዲህ» አሉ ወገባቸውን ይዘው እየተነሱ፣ «ከእንግዲህ ፒንሳ ስትጠይቀኝ ሁለቴ ነው የምጠይቅህ።»

ተግሣጻቸው ይኸው ብቻ ነበር። ለምስጋናውም አልነገሩብኝም። እኔው ራሴ ነገርኩት።

ከሳምንት በኋላ ወንበሩን አነሳን። የሹፌሩ ወንበር ከወለሉ ጋር ዝጎ ተጣብቆ ስለነበር ብዙ ናፍጣ ጠጥቷል። ገልበጥ ስናደርገው ከሥሩ የስንት ዘመን ነገር ተገኘ፤ የሽንብራ ቆሎ፣ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ፣ የእንጨት ማበጠሪያ፣ ክሩ የተበጠሰ መቁጠሪያ። እትዬ ፈንታዬ ከመኪናዋ የሚወጣውን የባለቤቱን ዕቃ ሁሉ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ያኖራሉ፤ በደብተራቸውም ይጽፋሉ። ከወለሉ ስንጥቅ ውስጥ አንድ የሚያበራ ነገር አየሁና በማግኔቱ ሞከርኩት፤ አልሳብ አለ። በካቻቢቴ ጫፍ ቆስቁሼ አወጣሁት። የወርቅ ጉትቻ ነው። አንድ ብቻ።

«የእማማ ጥሩዬ ይሆናል» ብዬ አቀበልኳቸው።

እትዬ ፈንታዬ መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩት። እስክሪብቷቸው ደብተሩ ላይ ቀረች።

«ጥሩዬ ጆሮዋን አልተበሳችም» አሉ ቀስ ብለው። «አንድ አጥቢያ ነው ያደግነው። ጉትቻ አድርጋ አታውቅም።»

ተያየን። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነው። ጋሽ አያሌው አርባ ዓመት በትዳር የኖሩ፣ ከተማው ሁሉ በጨዋነታቸው የሚያውቃቸው ሰው ነበሩ። መኪናዋን ደግሞ ከእሳቸው በቀር የነዳት የለም።

«እንጣላት እትዬ» አልኩ። «ማንም አላየ።»

እሳቸው ግን ጉትቻዋን ጣሳው ውስጥ ሳይሆን የመነጽር ኪሳቸው ውስጥ አደረጓት። ያን ከሰዓት አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ቁልፍ ብላቸው አሥራ ሰባት ሰጡኝ። መጀመሪያ የቀለዱብኝ መሰለኝ።

ሦስት ቀን እንዲህ ሆነው ከረሙ። ባቄላቸውን እንኳ አይቆረጥሙም። በሦስተኛው ቀን ምሳ ስንበላ ራሳቸው አነሱት።

«አልጻፍኳትም» አሉ።

«ምኗን?»

«ጉትቻዋን። ስንት ዘመን ዕቃ ስረከብና ሳስረክብ፣ እጄ ገብቶ ያልጻፍኩት ዕቃ የለም። ይቺን ግን እጄ እምቢ አለኝ።»

«ደግ አደረጉ። ለማን ይጠቅማል? ሰውየው ሞተዋል። እማማ ጥሩዬን በስተርጅና ማስለቀስ ነው።»

«እኔስ ይሄንኑ አይደል የምለው! ብሰጣት አስለቅሳታለሁ። ባልሰጣት ደግሞ ሌባ ነኝ።» እጃቸውን ታጥበው አደረቁ። ከዚያ፣ «ከሷ ቤት የወጣ ዕቃ ነው ሲሳይ። ቢያስለቅስም የምታለቅስበት እሷ ናት። እኔ ማን ነኝና ነው የምመርጥላት?» አሉ።

ደብተራቸውን አውጥተው ጻፏት። በማግሥቱ ወይዘሮ ጥሩዬን ራሳቸው ሄደው ይዘዋቸው መጡ።

ወይዘሮ ጥሩዬ ከበሩ ላይ ቆመው መግባት ፈርተው ነበር። የባላቸው መኪና ተቆራርጣ ተከምራ የሚያዩ መስሏቸዋል። ያዩት ሌላ ነው። በሮቹ ታጥበው አጥሩን ተደግፈዋል። ሞተሩ በንጹሕ ሸራ ተጠቅልሏል። ብሎኖቹ በእንቁላል ካርቶን ላይ፣ እያንዳንዳቸው ፊደላቸውን አንጠልጥለው ተደርድረዋል።

«ውይ ፈንታዬ» አሉ፣ «የገነዛችኋት እንጂ የፈታችኋት አትመስልም።»

እትዬ ፈንታዬ በርጩማ አቀረቡላቸውና ወደ እኔ ዞረው፣ «ሲሳይ፣ ውኃ ቅዳ» አሉኝ። ጀሪካኑ ሙሉ ነበር፤ ገባኝና ይዤው ከአጥሩ ጀርባ ዞርኩ። እንዳላይና እንዳልሰማ ግን አልሆነልኝም።

ጣሳውን ሰጧቸው። ወይዘሮ ጥሩዬ መቁጠሪያውን ሳሙት፤ ማበጠሪያውን አይተው ፈገግ አሉ። ከዚያ የእትዬ ፈንታዬን ድምፅ ሰማሁ። «አንዲቷን ለይቼ ይዤልሻለሁ። ከወንበሩ ሥር ነው የተገኘችው። ያንቺ ዕቃ ስለሆነች ነው እንጂ...»

ከዚያ ወይዘሮ ጥሩዬ ጮኹ። ጀሪካኑን ጥዬ ሮጥኩ።

ስደርስ ጉትቻዋን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል፤ እንባቸው ይወርዳል፤ ፊታቸው ግን የሚያለቅስ ሰው ፊት አይደለም።

«የብርቄ!» ይላሉ፣ «የብርቄ ናት! የልጄ!»

ብርቄ ትልቋ ልጃቸው ናት፤ አሁን ወልድያ ትኖራለች። የሠርጓ ዕለት እዚሁ ከተማችን ወደነበረው የሙሽራው ቤት የወሰዷት አባቷ ናቸው፣ በዚችው መኪና። ከመኪናዋ ስትወርድ አንዱ ጉትቻ የለም። ጋሽ አያሌው መንገዱን ሁለት ጊዜ በእግራቸው ሄደው ፈለጉት፤ መኪናዋን እየዳበሱ ሳምንት ከረሙ። «በኔ መኪና ስትሄድ ነው የጠፋባት» እያሉ እስከ ዕለተ ሞታቸው ይቆጫቸው ነበር። ጉትቻዋ ግን ሁልጊዜ እሳቸው ከሚቀመጡበት ሥር ነበረች።

ወይዘሮ ጥሩዬ እዚያው ቆመው ደወሉ። ስልኩን ከፍ ስላደረጉት የብርቄን ጩኸት መንገድ ላይ የቆመ ሁሉ ሰማው።

እትዬ ፈንታዬ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ወደ ሞተሩ ዞረው፣ በሸራው ላይ እጃቸውን ጭነው፣ «ጋሽ አያሌው፣ ይቅር ይበሉኝ» አሉ። «ጠርጥሬዎታለሁ።»

«ምን ብለሽ ነው የጠረጠርሽው?» አሉ ወይዘሮ ጥሩዬ።

መሸፋፈን ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን አንድም ሳያስቀሩ ነገሯቸው፤ የሌላ ሴት መስሏቸው ሦስት ቀን እንዳልተኙ፣ ሊደብቋትም እንደዳዳቸው። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ቆሜያለሁ። ወይዘሮ ጥሩዬ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሰሟቸው። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሳቅ ነው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

«አያሌው? አያሌው ሌላ ሴት?» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ኧረ ፈንታዬ፣ እሱ እኔን እንኳ ለማናገር ሦስት ዓመት ነው የፈጀበት!»

ሁለቱ አሮጊቶች ተቃቅፈው እስኪበቃቸው ሳቁ። ከዚያ ባቄላው ከኪስ ወጣ።

መኪናዋ ለገና ደረሰች። ስንገጥም የ«ሀ» ቤት ወደ «ሀ»፣ የ«ለ» ቤት ወደ «ለ» ገባ፤ የተረፈ ብሎን አልነበረም። ምስጋናው ቁልፍ ሲያዞር በሁለተኛው ተነሳች። ነጭ የለበሰው የገና ምእመን ከተማውን ሲሞላው፣ ዳገት ያቃታቸውን ሽማግሌዎች ጭና ስትወጣ ቆሜ አየኋት። እትዬ ፈንታዬ የሉም ነበር፤ ሣጥናቸውን እኔ ጋ ትተው፣ «እስቲ ይኑርልህ፤ እኔ ሌላ ሐሳብ አለኝ» ብለው ወርደዋል። የምን ሐሳብ ብዬ አለመጠየቄ አሁን ይቆጨኛል።

ሹፌሩ ከነገረኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሄጄ ጠየቅኳቸው። መኪናው የሚደርስበት ድረስ ምስጋናው አደረሰኝ፤ የቀረውን በጥዱ ጫካ ውስጥ በእግሬ አዘገምኩ። ከገዳሟ በታች ባለች ትንሽ የጓሮ መሬት ላይ ቢጫ ቀሚስ የለበሱ መነኩሲት ጎንበስ ብለው ዶማ ሲያነሱ አየሁ። ዶማው ወደ ግራ እየሄደባቸው አፈሩን ሳይሆን ድንጋዩን ይመቱታል። እትዬ ፈንታዬ መሆናቸውን ያወቅኩት ቀና ሲሉ ነው።

«እትዬ!»

«እማሆይ በለኝ» አሉ እየሳቁ፤ አንገታቸው ላይ ያለችውን ትንሽ መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

«ይስጡኝ እኔ ልቆፍር።»

«እምቢ» አሉ ዶማውን ወደ ኋላቸው ደብቀው። «አርባ ዓመት ለሰው መሣሪያ ሳቀብል ነው የኖርኩት። ራሴ ይዤ ስሠራ ይኸ የመጀመሪያዬ ነው። እየው!» መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። በየጣታቸው ሥር ውኃ ቋጥሯል፤ አንዱ ደግሞ ፈንድቷል። እንደ ሽልማት ነበር የሚያሳዩኝ።

«ያምዎታል?»

«በጣም! ደግሞ አልችልበትም። እማሆይ እንዲህ ያለ ጠማማ ቦይ አይተን አናውቅም እያሉ እህቶቼ ይስቁብኛል።» ፀሐዩ ፊታቸው ላይ ነበር፤ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ስለ ቤተሰቤ ጠየቁኝ፤ ስለ ወይዘሮ ጥሩዬ ጠየቁኝ። ከዚያ ዶማውን አነሱና ወደ እግሬ አመለከቱ።

«አሁን ደግሞ ከነጭ ሽንኩርቴ ላይ ውረድ» አሉኝ።